ዘይቡና የመስኮቱ ውል

ዘይቡ አብደላ ልብስ የምትሰፋው በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የተከራየችው የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ያለችው ትንሽ መስኮትም ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለምትፋጠጥ ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም። ስለዚህ የስፌት መኪናዋን ከደፉ አጠገብ ታስቀምጥና ጀርባዋን ለጨለማው፣ ፊቷን ለመንገዱ ሰጥታ ስትሰፋ ትውላለች። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላታል፣ ልጆች ክሯን ይረግጣሉ፣ አቧራው የሙሽራ ልብስ ላይ ያርፋል። ሲዘንብ በሩን ዘግታ ፋኖስ ታበራለች። ጅማ ላይ ደግሞ መዝነቡ አይቀርም።

የሰፈሩ ሙሽሮች አብዛኞቹ የእሷን ቀሚስ ለብሰው ነው የተዳሩት። እሷም አንድ ጊዜ ተድራለች፤ ለአናጢው ለቲጃኒ። ትዳሩ የፈረሰው በጠብ አልነበረም። ቲጃኒ እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ በላይዋ ሌላ ሴት አላመጣም፣ በእንጨት ሥራም ስሙ አጋሮ ድረስ ይነሳል። ችግሩ አንድ ነው፤ የጀመረውን አይጨርስም። የተጋቡ ሰሞን ቤት እሠራልሻለሁ አላት። በእናቱ ጓሮ ቋሚዎቹን አቆመ፣ በአንድ ወገን ማገር መታ፣ ከዚያ የሰው ሥራ መጣ። የሰው ሥራ ሲያበቃ፣ ማለትም ባለቤቱ ተቆጥቶ ሌላ አናጢ ሲያስገባ፣ ወደ ራሱ ቤት ይመለሳል፤ የተከለውን ይነቅልና እንደገና ይተክላል። ዘይቡ አማቷ ጓዳ ውስጥ ሆና ዓመታት ጠበቀች። ልጅም አልወለዱም። በመጨረሻ ቋሚዎቹን እንደቆሙ ምስጥ ሲበላቸው አየችና ፍታኝ አለችው። ፈታት። ሲፈታት አለቀሰ ይባላል፤ ዘይቡ ግን ስለዚያ አታወራም። እሱም ከጊዜ በኋላ ረሺዳ የምትባል የሰፈሩን ልጅ አግብቶ ልጆች ወለደ።

በ1978 ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር ሰቶ ሰመሮ በኩል ቦታ ሲመራ የዘይቡም ስም ወጣ። ከስፌት ያጠራቀመችው ነበራት፤ እናቷ የተወችላትን ወርቅም ሸጠች። ስለ ቤቱ ስታስብ መጀመሪያ የሚታያት መስኮቱ ነበር። ወደ ምሥራቅ የሚከፈት፣ ሁለት ክንዷን ዘርግታ ከዳር እስከ ዳር የምትደርስበት፣ ተቀምጣ ክርኗን የምታሳርፍበት ዝቅ ያለ መስኮት። ይህን ለአንድ አናጢ ብትነግረው ሌባ ይገባብሻል ብሎ ሳቀ። ሌላው ደግሞ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማትና የለመደውን ትንሽ መስኮት በእጁ ለክቶ አሳያት። ብዙ ካሰበች በኋላ ወደ ቲጃኒ ሰው ላከች።

ጎረቤቷ ሸዋረገጥ ይህን ስትሰማ ማመን አቃታት። ሸዋረገጥ ቤተሰቦቿ ከሸዋ የመጡ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች ሴት ናት፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዘይቡን ፊደል ያስቆጠረቻትም እሷ ናት።

«ከከተማው አናጢ ሁሉ እሱን?» አለቻት።

«መስኮቱን ነግሬው ሳልጨርስ የሚያየው እሱ ብቻ ነው» አለች ዘይቡ።

«ማየቱንስ ይይ። የሚጨርሰው ማን ነው?»

ዘይቡ ለዚያ ውል እንደሚጻፍ ነገረቻት።

ቲጃኒ መጣ። ቦታውን ዞሮ አየ፣ አፈሩን በመዳፉ ፈተገ፣ ፀሐይ የምትወጣበትን ጠየቀ። ዘይቡ ክንዷን ዘርግታ ስታሳየው ሁለት ችካል አምጥቶ ጣቶቿ በደረሱበት ተከላቸው። ውሉን ስታነሳበት ግን ፊቱ ተለወጠ። በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል አለ፤ ሰው ቢሰማ ምን ይላል፣ ባዕድ አደረግሽኝ አለ። ዘይቡ ድምፅዋን አላነሳችም።

«ስንጋባ የተዋዋልከው ከአባቴ ጋር ነው» አለችው። «እኔ ጓዳ ነበርኩ። አሁን ከእኔ ጋር ተዋዋል።»

ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በማግሥቱ የመጣችው ረሺዳ ናት። ዘይቡ በገበያ ከሩቅ ከማየት በቀር አነጋግራት አታውቅም፤ በሩ ላይ ስታያት ለጠብ የመጣች መሰላት። ረሺዳ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሰላምታ ሰጠች፣ የቀረበላትን ውኃ ጠጣች። ቲጃኒ ከትናንት ጀምሮ እንዳኮረፈ፣ ራቱንም እንዳልበላ ነገረቻት። ከዚያ ወደ መጣችበት ጉዳይ ገባች።

«አዴ ዘይቡ፣ ውሉን እንዳትተዪው፣ ማሎ፣ እባክሽ» አለች። «የእኔ ማድቤት ጣሪያው እስከ ዛሬ ሸራ ነው። ይሄን ቤት ሳይጨርስ ሌላ ሥራ አይጀምርም የሚል ቃል ይግባበት። እሱን እንዲፈርም እኔ አደርገዋለሁ።»

ዘይቡ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ረሺዳም ሳቀች። አንዷ የኖረችበትን ሌላዋ እየኖረችበት መሆኑን መናገር አላስፈለጋቸውም።

ውሉ የተፈረመው በኅዳር 1979 በዘይቡ ቤት ነው። ሸዋረገጥ በመሥሪያ ቤት እጅ ጽሑፏ አሳምራ ጻፈችው። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ሆኖ ክዳኑ ቆርቆሮ እንዲሆን፣ ክረምት ሳይገባ እንዲያልቅ፣ ሠሪው ይህን ሳይጨርስ ሌላ ሥራ እንዳይጀምር፤ ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠት ቢያስፈልግ ሁለቱም ተስማምተው እንዲፈርሙ። የምሥራቁ መስኮት ጋ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች። በአሠሪዋ ክንድ ልክ ተብሎ ውል አይጻፍም፣ በሜትር ይነገረኝ አለች።

«እንዳለ ይጻፍ» አለ ቲጃኒ። «የክንዷን ልክ አውቀዋለሁ።»

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን አየ። ሸዋረገጥም እንዳለ ጻፈችው።

ለምስክርነት የተጠራው ጎረቤት መሐሙድ ጣት የሚነከርበትን ቀለም ይዞ መጥቶ ነበር፤ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ዘይቡ ገፋላት። ዘይቡ መልሳ ገፋችለትና እስክሪብቶውን ተቀበለች። ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ብዙ ቆየች፤ የአባቷ ስም ጋ ስትደርስ ግን እጇ ተፍታታ። ቲጃኒ ከእጇ ላይ ዓይኑን አላነሳም። አብረው በነበሩበት ዘመን ስሟን መጻፍ አትችልም ነበር። ተራው ሲደርስ እሱ ቶሎ ፈረመ፤ ለመጀመር እሱን የሚያህል የለም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም መልካም ሄደ። ቲጃኒ ቋሚውን እያንዳንዱን በመዳፉ እያሻሸ መረጠ፣ ለመስኮቱ የሚሆነውን የዋንዛ ሳንቃ ጥላ ውስጥ አጋድሞ አደረቀ። ማገሩ ተመታ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ የድሮ አመሉ ተነሳ። የጣሪያውን እንጨት በአንድ ወገን አቁሞ ሲያበቃ አፈረሰው፤ እንደገና አቆመው፣ አሁንም አልወደደውም። ጣሪያው ሳይከደን የምሥራቁን ግድግዳ ጭቃ መረገ፤ መስኮቱ ምን እንደሚመስል ልይ ብሎ ነው። ዘይቡ ቆርቆሮው በጎረቤት ግቢ ተደርድሮ ስታየው ልቧ ይዝላል፤ ግን ገና በጋ ነው ብላ ትታገሳለች።

በየካቲት ትእዛዝ መጣ። ገበሬው ከየሸለቆው ተነሥቶ በአንድ መንደር ይሰባሰብ ተብሎ መንደር ምሥረታው በየወረዳው ሲጀመር፣ የከተማ አናጢዎች እየተመደቡ ወደ ገጠር ተላኩ። ለቲጃኒ ከከተማው በላይ ያለው ደጋ፣ ደዶ፣ ደረሰው። ለጥቂት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። መጋቢት አልቆ ሚያዝያ ተጋመሰ፤ አልተመለሰም። የበልጉ ዝናብ መጥቶ የምሥራቁን ግድግዳ ጭቃ አጥቦ ወሰደው።

ሸዋረገጥ ውሉን ይዘሽ ፍርድ ሸንጎ ሂጂ አለቻት። ዘይቡ ግን መንግሥት የላከውን ሰው ከስሼ ምን አገኛለሁ አለች። እሱባለው የሚባል ሌላ አናጢ ሥራውን ለመቀጠል ፈቃደኛ ነበር፤ እሱም ቢሆን ቲጃኒ ሳይፈርም በሰው ሥራ እጄን አላስገባም አለ። ስለዚህ ደዶ መሄድ ግድ ሆነ። ይህን የሰማችው ረሺዳ አንቺ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ለስንቅ ጭኮ አዘጋጀች፣ ጋቢ አጠፈች፤ አንድ ማለዳ ሁለቱ ሴቶች ሰው በሞላው ላንድሮቨር ተጠጋግተው ተቀምጠው ሽቅብ ወጡ። አብረው የተሳፈሩት እህትማማች ናችሁ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ረሺዳ ቀድማ፣ ኤዬ፣ ነን፣ አለች።

መንደሩ የተሠራው ዛፍ በሌለበት ገመገም ላይ ነው። ነፋሱ ይበርዳል። ቤቶቹ በገመድ እየተለኩ በመደዳ ቆመዋል፤ በራቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሯል፤ መስኮት የላቸውም። ቲጃኒ አንዱ ጣሪያ ላይ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው መዶሻውን እንደያዘ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ረሺዳ የለበሰውን አይታ በኦሮምኛ ቆጣችው፣ ጭኮውን ሰጠችው፣ የቆሸሸ ልብሱን ጠቅልላ ወደ ወንዙ ሄደች። ልብሱ ያን ያህል የሚያስቸኩል አልነበረም። እንዲነጋገሩ ብላ ነው።

ከፊታቸው ከፈረሰ ቤት የተረፈ አሮጌ እንጨት ተከምሯል፤ በጭስ የጠቆረ። አንድ ሽማግሌ በእንጨቱ ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበዋል። ቲጃኒ አባቦራ እንደሚባሉ ነገራት። ቤታቸው ከዚህ በታች ሸለቆው ውስጥ ነበር፤ አዲሱ ቤት ከአሮጌው እንጨት ይሠራ ስለተባለ ያፈረሰው እሱ ነው። ምሰሶውን ሲነቅል ሽማግሌው ቆመው አዩ እንጂ አልተቃወሙም። ሲጨርስ ብቻ፣ ልጆቻቸው በሙሉ የተወለዱት እዚያ ምሰሶ አጠገብ መሆኑን ነገሩት። የአዲሱ ቤት ጣሪያ አሁን ተከድኗል፤ እሳቸው ግን ገና አልገቡበትም።

ዘይቡ የቤቶቹን መደዳ አየች።

«እዚህ ትጨርሳለህ» አለችው። ልትወቅሰው አልነበረም፤ ገርሟት ነው።

«እዚህ ቀላል ነው። ማንም ሥራልኝ አላለኝም። ቢጣመም የሚከፋው፣ ቢያምር ደስ የሚለው የለም።» ከእጁ ላይ የደረቀ ጭቃ ይፍቅ ጀመር። «የአንቺን ግን ምን እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። እንዳየሁት ሳይሆን ቢቀርስ እያልኩ ነው የምነቅለው። ያልጨረስኩት ነገር ገና ነው ይባላል። ከጨረስኩት ግን በቃ፣ ቲጃኒ የሚችለው ይሄንን ነው ማለት ነው።»

«ያኔስ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«ያኔ አላውቀውማ። ዋላሂ፣ ያወቅኩት እዚህ ነው። ግድ የማይሰጠኝን ቤት በላይ በላዩ ስጨርስ።»

ዘይቡ ያን ሁሉ ዓመት በአማቷ ጓዳ ስትጠብቅ፣ ንቆኛል፣ ችላ ብሎኛል ብላ ነበር የደመደመችው። በዚያ ሐሳብ ላይ ብዙ ነገር ገንብታበታለች፤ ፍታኝ ያለችውም በዚያ ነው። አሁን የሰማችው ያለፈውን አይመልስላትም። አዘነችለት። ደግሞም ተናደደች፤ ለፍርሃቱ የከፈለችው እሷ ናትና። ሁለቱ ስሜቶች አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ አብረው ተቀመጡባት።

«ዝናቡ ግን እኔንም አንተንም አይጠብቅም» አለች በመጨረሻ። «እሱባለው ይጨርሰው። ፈርምልኝ።»

ወረቀቱን አወጣች። ቲጃኒ የራሱን ፊርማ ሲያይ ቆየ።

«ሁሉንም ትወስጂብኛለሽ?» አላት።

የመጣችው ሁሉንም ለእሱባለው ልትሰጥ ነበር። ወረቀቱን በአንድ ሳንቃ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶውን ስትይዝም ሐሳቧ ያው ነበር። የጻፈችው ግን ሌላ ሆነ። ከመሠረተ ትምህርት ደብተር ውጭ በራሷ እጅ ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ አንድ ፊደል ተበላሽቶባት ሰርዛ ደገመችው። «ጣሪያውንና ጭቃውን እሱባለው ይሠራል። መስኮቱን ቲጃኒ ይሠራል። ዘይቡ ትጠብቃለች።» ከዚያ ፈረመች። እሱም አነበበና ፈረመ፤ እንደ ኅዳሩ አልቸኮለም።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ረሺዳ ምን እንደተጻፈ እንድታነብላት ጠየቀቻት። ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

«ትጠብቃለች የሚለውን ምነው ባልጻፍሽው» አለች። «ይሄ ሰው ሲጠብቁት ነው የሚዘገየው።»

እሱባለው ቃሉን አክብሮ ክረምቱ ሳይበረታ ጣሪያውን ከደነ፣ ግድግዳውን መረገ። ዘይቡ በሰኔ ገባች። የመስኮቱ ቦታ ክፍት ስለነበር የቡና ጆንያ ወጥራ ቸነከረችበት። ክረምቱን ሙሉ በአዲሱ ቤት ውስጥ ልክ እንደ አሮጌው በር ላይ ተቀምጣ፣ ሲዘንብ ፋኖስ አብርታ ሰፋች። ጆንያው ውኃ እየጠጣ ይሸታል። ሸዋረገጥ በመጣች ቁጥር እሱባለው በአንድ ቀን ይገጥምልሽ ነበር ትላታለች፤ ዘይቡም እውነቷን ነው እያለች በራሷ ትናደዳለች። አንዳንድ ቀን፣ ለሰው ማዘንና ሞኝነት የት ላይ እንደሚለያዩ አላውቅም ትል ነበር። ግን አናጢ አልጠራችም።

ቲጃኒ በመስከረም መጨረሻ እያሳለ ተመለሰ። ዘይቡ ዘንድ ወዲያው አልመጣም። ከተኛበት ሲነሳ በመጀመሪያ የረሺዳን ማድቤት ከደነ፤ ይህን ዘይቡ የሰማችው ከራሷ ከረሺዳ ነው፣ ቅር እንዳይላት ቀድማ መጥታ ነገረቻት። ከዚያ አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ የዋንዛ ሳንቃዎቹን በጋሪ አስጭኖ ሰቶ ሰመሮ ደረሰ። ጆንያውን አንስቶ ሥራውን ያዘ። ቴላዮውን፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ ገጠመ፣ መዝጊያዎቹን ላገ። እየመጣ እየሄደ ሰነበተበት፤ ዘይቡም ጎን ለጎን ሥራዋን ትሠራለች እንጂ ምን ላይ ደረስክ አትለውም።

መስኮቱ ተገጥሞ ሊያልቅ ሲል ቲጃኒ ወደ ኋላ ሄዶ አየው። በላይኛው ማዕዘን ላይ እንጨቱና እንጨቱ በደንብ አልገጠሙም፤ ቀጭን ክፍተት አለ። ሚስማር መንቀያውን ከሳጥኑ አወጣ። ዘይቡ መኪናዋን አቆመች።

«ተወው» አለችው።

«ነፋስ ያስገባል።»

«ያስገባ። እኔም እስከ ዛሬ እንከን የሌለው ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሙሽራዋ ግን ለብሳው ትሄዳለች። አሁን መስኮቱ የእኔ ነው፣ ስጠኝ።»

መንቀያውን እንደያዘ ቆመ። ከባድ ነበር ለእሱ፤ ከፊቱ ይታያል። በኋላ ወደ ሳጥኑ መለሰው፣ መጥረጊያ ጠይቆ ፍቅፋቂውን ጠረገ፣ እጁን ታጠበ። ዘይቡ መኪናዋን ገፍታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችና ክርኗን ደፉ ላይ አሳረፈች። ልኩ ነው። ይህንኑ ነገረችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እሱም አልሐምዱሊላህ ብሎ ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ።

ቲጃኒ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ ማለት አይቻልም። አሁንም ያዘገያል፣ አሁንም ደንበኛ ይቆጣዋል። ግን በ1982 ገበሬው የመንደሩን ቤቶች እያፈረሰ ወደ ድሮ ቦታው ሲመለስ ማንም ሳያዘው ደዶ ወጣ፤ ለአባቦራ ሸለቆው ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ሽማግሌው ገብተው እሳት እስኪያነዱ ቆይቶ ተመለሰ። ዘይቡ ዳግም አላገባችም። የጠየቃት አልጠፋም፤ ብቻዋን መኖሩን ወደደችው።

በ1983 ግንቦት ሠራዊቱ ተበትኖ ከተማው በተኩስ ሲረበሽ፣ ረሺዳ ልጆቿን ይዛ ሰቶ ሰመሮ መጣች፤ ቲጃኒ ቤቱን ሊጠብቅ ቀረ። ከመሀል ከተማው ስለሚርቅ እዚያ ይሻላል ተባለ። በአንድ ክፍል ተደራርበው ተኙ፣ ያለውን ቂጣ ተካፍለው በሉ። ነገሩ ሲረጋጋ ረሺዳ ዕቃዋን አሰረች፤ ትልቋ ልጇ መድና ግን ስፌት ልማር፣ ከዘይቡ ጋር እቀራለሁ አለች። ረሺዳ ዘይቡን አየች፣ ዘይቡም ልጅቷን። ማንም አልተከራከረም። በማግሥቱ ጠዋት ዘይቡ ቁራጭ ጨርቅ መርጣ በጠመኔ መስመር አሰመረችበትና፣ ሳትቸኩል በዚህ ላይ ስፊ ብላ ለመድና ሰጠቻት።